ምንጩን ሳናይ ዘርፍ አታስመርጡን

ለታሪክ ትምህርት ክፍል የድህረ ምረቃ ኮሚቴ ሰብሳቢና አባላት

ጉዳዩ፦ የጥናት ዘርፍ አመራረጥን የሚመለከተው አዲሱ መመሪያ እንዲሻሻል ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ መምህሮቻችን፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በትምህርት ክፍሉ የሁለተኛና የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪዎች ነን። በዚህ የትምህርት ዘመን መግቢያ ላይ ያጸደቃችሁት የድህረ ምረቃ መመሪያ ሦስት ነገሮችን ወስኗል። አመልካች ሁሉ የጥናት ዘርፉን፣ የመመረቂያ ጽሑፉን ርእስና የሚፈልገውን አማካሪ ገና በማመልከቻ ቅጹ ላይ ይሞላል፤ ከተመዘገበ በኋላ መቀየር አይችልም። የምንጭ ቋንቋዎችና የጥንታዊ የእጅ ጽሕፈት ንባብ ኮርሶች ከእንግዲህ ክሬዲት አይያዝላቸውም፤ የፈለገ በትርፍ ሰዓቱ ይማራቸው ተብሏል። የጥንታዊና የመካከለኛው ዘመን ታሪክ ዘርፎች ደግሞ ለጊዜው በሚል አዲስ ተማሪ መቀበል አቁመዋል።

ቅሬታችንን ቀደም ሲል በውስጥ ደብዳቤ አቅርበን መልስ አላገኘንም። አሁን በአደባባይ የምንጽፈው ጉዳዩ በእኛ ስለማያበቃ ነው። በሚቀጥለው ዙር ለማመልከት የሚዘጋጁ ሰዎች ምን ላይ እንደሚፈርሙ አስቀድመው ማወቅ አለባቸው። ከታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ ቅጹ። «የጥናት ዘርፍ» የሚል አንድ ባዶ መስመር አለው። በታሪክ ትምህርት ውስጥ ግን ዘርፍ በአንድ መስመር አያልቅም። የትኛው ዘመን ነው? የትኛው አካባቢ? በየትኛው በኩል ነው የሚታየው፣ በፖለቲካ ነው፣ በኢኮኖሚ፣ በሃይማኖት፣ በሕክምና ወይስ በአካባቢ ተፈጥሮ? ምንጩስ በየትኛው ቋንቋ የተጻፈ ነው፣ ወይስ በቃል የወረደ? እነዚህ ጥያቄዎች የተሳሰሩ ናቸው፤ ለአንዱ መልስ ሲሰጥ ሌላው ይጠብባል ወይም ይሰፋል። የአሥራ ስድስተኛውን ክፍለ ዘመን የባሕር ንግድ እመርጣለሁ ያለ ተማሪ ሳያውቀው የወደብ ቀረጥ መዝገብን፣ መዝገቡ የተጻፈበትን ቋንቋና የእጅ ጽሕፈት፣ ጥቂት ስታትስቲክስም አብሮ መርጧል። ይህን የሚረዳው ግን መዝገቡ ፊት ሲቀመጥ እንጂ ቅጹን ሲሞላ አይደለም።

ዘንድሮ የገባች አንዲት ባልደረባችን በቅጹ ላይ የዲፕሎማሲ ታሪክ ብላ ሞላች። በመጀመሪያ ዲግሪ ያነበበቻቸው መጻሕፍት በአብዛኛው ስለ ነገሥታትና ስለ ውሎች ስለነበሩ ሌላ የምትሞላው አልነበራትም። በመጀመሪያው ሴሚስተር የምንጭ ሴሚናር ላይ የፍርድ ቤት መዝገቦች ተሰጧት። በውርስ ጉዳይ ወንድሞቻቸውን የከሰሱ ሴቶች ለዳኛ የሰጡትን ቃል አገኘች፤ ምስክሮቻቸውን እንዴት እንደመረጡ፣ ዝምድናን እንዴት እንደቆጠሩ እያነጻጸረች የጻፈችውን የሴሚናሩ መምህር አይተው ጥሩ የመመረቂያ ጽሑፍ እንደሚወጣው ነገሯት። ዘርፏን ወደ ማኅበራዊ ታሪክ ለመቀየር ስትጠይቅ የተሰጣት መልስ ትምህርቱን አቋርጣ በሚቀጥለው ዓመት እንደ አዲስ እንድታመለክት ነው። ይህን ማድረግ አልቻለችም። ዛሬ ልቧ የሌለበትን ርእስ እየጻፈች ነው፤ የፍርድ ቤቱ መዝገብ ደግሞ አንባቢ ይጠብቃል።

የሙያችን ታሪክ ራሱ ይህን መመሪያ ይቃወማል። ፈረንሳዊው የታሪክ ጸሐፊ ፈርናንድ ብሮዴል ሲነሣ ሊያጠና ያሰበው የስፔኑን ንጉሥ የዳግማዊ ፊሊፕን የሜዲትራኒያን ፖሊሲ ነበር፤ በዘመኑ የተለመደ የዲፕሎማሲ ርእስ። አልጄሪያ ውስጥ እያስተማረ ባሕሩን ከደቡቡ ዳርቻ ማየቱ፣ በስፔን በሲማንካስ፣ በኋላም በዱብሮቭኒክ መዛግብት መሥራቱ፣ በሙያው የቀደመው ሉሲየን ፌቭርም ከንጉሡ ይልቅ ባሕሩን አስቀድም ብሎ መምከሩ ርእሱን ገለበጠው። ንጉሡ ወደ ኋላ ሄደ፤ ተራራው፣ ነፋሱ፣ የስንዴ ዋጋና የመርከብ ፍጥነት ወደ ፊት መጡ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጀርመን ምርኮ ሳለ አብዛኛውን የጻፈውን ያን ሥራ በ1947 ለዶክትሬት አቅርቦ ተከላከለ፤ በ1949 ታተመ። በእናንተ መመሪያ ሥር ይህ ለውጥ የሚፈቀድበት አንቀጽ የለም።

ጣሊያናዊው የታሪክ ጸሐፊ ካርሎ ጊንዝበርግም በሰሜን ምሥራቅ ጣሊያን፣ በኡዲኔ፣ በኢንኩዊዚሽን (የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን መናፍቃንን ትመረምርበት በነበረው ፍርድ ቤት) መዛግብት ውስጥ ሌሎች ሰዎችን ሲፈልግ ነው ሜኖኪዮ የተባለውን የአሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን ባለወፍጮ ያገኘው። ያ ሰው ዓለም እንደ አይብ ረግታ መላእክት እንደ ትል ወጡባት ብሎ በመርማሪዎቹ ፊት የተናገረ ነው። ጊንዝበርግ በ1976 ስለ እሱ ያሳተመው ጥናት የአንድን ተራ ሰው ሕይወት በቅርብ እያዩ ትልቅ ጥያቄ የመጠየቅን አካሄድ ካስለመዱት ሥራዎች አንዱ ሆነ። ማንም አመልካች በቅጽ ላይ «አንድ የማላውቀው ባለወፍጮ» ብሎ መሙላት አይችልም።

ለእኛ ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው ግን የቤልጅየማዊው የታሪክ ተመራማሪ የያን ቫንሲና ታሪክ ነው። በቤልጅየም በሉቨን የተማረው የመካከለኛውን ዘመን የአውሮፓ ታሪክ ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ወደ ኮንጎ ሄዶ በዚያ የሚኖረውን፣ ኩባ የሚባለውን ሕዝብ የቃል ትውፊት ሲሰማ፣ በላቲን ሙሾዎች ላይ የተለማመደው የምንጭ ትችት እዚያም እንደሚሠራ አስተዋለ። የቃል ትውፊት በጥንቃቄ ሊመረመር የሚችል የታሪክ ምንጭ መሆኑን በ1961 ባሳተመው ሥራ አስረዳ፤ ብዙ የአፍሪካ ታሪክ ተመራማሪዎች በዚያ መንገድ ሄዱ። ዘርፉን መቀየሩ የባከነ ጊዜ አልሆነበትም። የመጀመሪያው ዘርፍ ለሁለተኛው መሣሪያ ሆነው።

ኮሚቴው ለመመሪያው የሰጠው ምክንያት ተማሪዎች በተወሰነላቸው ጊዜ አይጨርሱም የሚል ነው። ችግሩ አለ። የዶክትሬት አመልካች ጥያቄ ይዞ መምጣት እንዳለበትም እንስማማለን። ነገር ግን ጥያቄ ይዞ መምጣትና መልሱ ይገኝበት እንደሆነ ያላዩትን መዝገብ በፊርማ መቆለፍ አንድ አይደሉም። እኛ መካከል የዘገዩትን ስንጠይቃቸው አብዛኞቹ የሚነግሩን ርእሳቸውን ስለቀየሩ መዘግየታቸውን አይደለም፤ መቀየር ሲገባቸው ስላልቀየሩ ነው የዘገዩት።

ሁለተኛው ቅሬታችን የቋንቋ ነው፤ እኛም ከሁሉ የከበደ የምንለው ይህንን ነው።

የታሪክ ተማሪ ዘርፉን የሚመርጠው በሚወደው ብቻ አይደለም፤ ማንበብ በሚችለውም ነው። ቱርክ በ1928 ከዓረብኛ ፊደል ወደ ላቲን ፊደል ስለተሻገረች፣ አፉን በቱርክኛ የፈታ ተማሪ እንኳ ሳይሠለጥን ከዚያ በፊት የተጻፈ የመንግሥት ሰነድ ማንበብ አይችልም። በኦቶማን የሒሳብ መዝገቦች የሚገኘው ሲያቃት የሚባለው ጽሕፈት ደግሞ ሌላውን የኦቶማን ጽሕፈት ለለመደም ይከብዳል። ጀርመንኛ አቀላጥፎ የሚናገር ሰው ኩረንት የተባለውን የእጅ ጽሕፈት ካልተለማመደ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈ የቤተሰብ ደብዳቤ ይዞ ቁጭ ይላል። ከካይሮ የቤን ዕዝራ ምኩራብ ጌኒዛ (ያረጁ ጽሑፎች ከሚከማቹበት ክፍል) የወጡት የብራናና የወረቀት ቁርጥራጮች ከ300,000 በላይ ይሆናሉ ተብሎ ይገመታል፤ የነጋዴዎች ደብዳቤ፣ የጋብቻ ውል፣ የዕዳ ደረሰኝ ሁሉ አለበት። ከእነዚህ ብዙዎቹ ቋንቋቸው ዓረብኛ፣ ፊደላቸው ዕብራይስጥ ነው። ከሁለቱ አንዱን ብቻ የሚያውቅ ሰው ከበር ይመለሳል።

ወደሚቀርበን እንምጣ። የአክሱሙ ንጉሥ የዒዛና የታወቀው የድንጋይ ጽሑፍ በግእዝ፣ በሳባ ፊደልና በግሪክኛ የቆመ ነው። ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት ከ1270 እስከ 1527 ያለውን የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት ታሪክ በ1972 ያሳተሙት ገድላቱን፣ ዜና መዋዕሎቹንና የጉልት ማስታወሻዎቹን በግእዝ እያነበቡ ነው። ግእዝ በትርፍ ሰዓት የሚያዝ ተጨማሪ ነገር ሆኖ ቢሆን ያ ሥራ አይኖረንም ነበር። በትምህርት ክፍላችን የንባብ ዝርዝር ላይ ሥራቸው ዛሬም አለ፤ ሥራውን ያስቻለው ትምህርት ግን ከክሬዲት ዝርዝሩ ወጥቷል።

አንድ የዶክትሬት ተማሪ ባልደረባችን በኦቶማን አገዛዝ ሥር በነበረ አካባቢ የመሬት ይዞታን እንዲያጠና ርእሱ ጸደቀለት። የሚያጸድቁት ሰዎች ቋንቋውን ታውቃለህ ወይ ብለው አልጠየቁትም። በሌላ ትምህርት ክፍል ኮርሱን ለመውሰድ ሲያመለክት ክሬዲት ስለማይያዝለት በሙሉ የትምህርት ጭነቱ ላይ ተጨማሪ ሆነበት፤ የሚያስተምርበት ሰዓትም ከኮርሱ ሰዓት ጋር ተጋጨ። አሁን የሚሠራው ሌሎች መርጠው፣ ተርጉመው ባሳተሟቸው ሰነዶች ላይ ነው። የእሱ ጥያቄ ደግሞ ስለ ጭሰኞች ነው፤ አሳታሚዎቹ የመረጡት ስለ ባለሥልጣናት የሚናገረውን ነው። ስለዚህ ጥያቄው ከምንጩ ጋር ሳይገናኝ ዓመት አለፈ።

መመሪያው ያስከተለውን ለማየት የሴሚናር ርእሶቻችንን ዝርዝር መመልከት ይበቃል። አብዛኞቹ በታይፕ የተጻፈ፣ ተማሪው ቀድሞ በሚያውቀው ቋንቋ የተዘጋጀ ሰነድ ባላቸው የቅርብ ዐሥርት ዓመታት ላይ ተጠራቅመዋል። የቅርብ ዘመን ታሪክ ክቡር ዘርፍ ነው፤ ከመካከላችን ወደውት የመረጡት አሉ። እኛን የሚያሳስበን ሌላው በር ስለተዘጋበት የሚገባበት ሰው ነው። ምንጩ የማይነበብለትን ተማሪ ደግሞ ቃለ መጠይቅ አድርግ ብሎ መሸኘት እየተለመደ መጥቷል። ወደዚህ እንመለስበታለን።

አንድን የእጅ ጽሕፈት ለማንበብ የታገለ ሰው ያን ቀን ያውቀዋል፤ ለሳምንታት ጭረት ብቻ ሆኖ የቆየው ገጽ ድንገት የሰው ስም ይሆናል፣ ከስሙ ቀጥሎ ዓረፍተ ነገር ይወጣዋል። እናንተ መምህሮቻችን በዚህ አልፋችኋል። ውሳኔው ከእናንተ መምጣቱ የከበደን ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ቅሬታችን ርእስ ሲጸድቅ ምንጩ መኖሩንና መከፈቱን የሚጠይቅ አለመኖሩ ነው።

መዛግብት ሁልጊዜ ክፍት አይደሉም፤ ሲከፈቱም በየራሳቸው ሕግና ጊዜ ነው። የብሪታንያ የመንግሥት ሰነዶች በ1967 በወጣ ሕግ የመዘጊያ ጊዜያቸው ከ50 ዓመት ወደ 30 ዝቅ አለ፤ ከ2013 ጀምሮ ደግሞ ደረጃ በደረጃ ወደ 20 ዓመት ወርዷል። የቫቲካን ቤተ መዛግብት ለተመራማሪዎች በሩን የከፈተው በ1881 ነው፤ የርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ ዘመን ሰነዶች ግን እስከ ማርች 2020 ተዘግተው ቆይተዋል። በ2010 ስለ ቫቲካንና ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ርእስ የያዘና ዐሥር ዓመት ቆይቶ ያንኑ ርእስ የያዘ ተማሪ በቃል አንድ ዓይነት ርእስ ቢጽፉም የሚሠሩት ሥራ የተለያየ ነው። የተከፈተም ይጠፋል። በማርች 2009 የኮሎኝ ከተማ ቤተ መዛግብት ሕንፃ ተደርምሶ የብዙ ክፍለ ዘመናት ሰነድ ከፍርስራሽ ተለቅሟል። በኤፕሪል 2021 በኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ የጃገር ቤተ መጻሕፍት ተቃጥሎ ከአፍሪካ ጥናት ስብስቡ ብዙው ወድሟል።

አሜሪካዊቷ የታሪክ ጸሐፊ ናታሊ ዜመን ዴቪስ በ1952 የአሜሪካ መንግሥት ፓስፖርቷን ሲነጥቃት ስለ ሊዮን አታሚ ሠራተኞች ለጀመረችው ጥናት የሚያስፈልጓት የፈረንሳይ መዛግብት ራቁባት። በአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ወደሚገኙ የአሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን መጻሕፍት ፊቷን አዞረች፤ ከእነሱም ስለ ኅትመትና ስለ አንባቢዎቹ ብዙ አወጣች። በ1959 ዶክትሬቷን አገኘች። ምንጩ ሲርቃት መንገዷን ማዞር ስለተፈቀደላት ሥራዋ አልቆመም።

የእኛ ባልደረባ ይህ ዕድል አልነበረውም። ርእሱ የጸደቀው ፋይሎቹ ገና በሕግ የተዘጉ መሆናቸውን ማንም ሳይጠይቅ ነው። ቤተ መዛግብቱ ሄዶ ይህን ሲሰማ ፈቃድ ጠየቀ፤ ፈቃዱን ሲጠብቅ የትምህርት ዓመቱ አለቀ። ርእሱን ወደ ተከፈቱት ዓመታት ለማንሣት ያቀረበው ጥያቄ ዘርፍ መቀየር ነው ተብሎ ውድቅ ሆነ። የወሰደው የጊዜ ማራዘሚያ ደግሞ በተማሪው ድክመት ተመዝግቧል። ይህ መዝገብ እንዲስተካከልለት በተለይ እንጠይቃለን።

ቃለ መጠይቅ አድርግ ስለመባል ያነሣነው እዚህ ላይ ነው። የቃል ታሪክ የሌላው መተኪያ ወይም ቀላሉ መንገድ አይደለም፤ የራሱ ሥልጠናና ኃላፊነት አለው። በአሜሪካው የቦስተን ኮሌጅ የቃል ታሪክ ፕሮጀክት ከ2001 ጀምሮ ከሰሜን አየርላንድ የቀድሞ ታጣቂዎች ጋር የተደረጉት ቃለ ምልልሶች ተናጋሪዎቹ በሕይወት እስካሉ በምስጢር ይጠበቃሉ በሚል እምነት የተሰጡ ነበሩ። በ2011 የብሪታንያ የወንጀል ምርመራ ጥያቄ መጣ፣ ጉዳዩ በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች አለፈ፣ ከቅጂዎቹም የተወሰኑት ተላልፈው ተሰጡ። ልምድ ያላቸው ሰዎች እንዲህ ያለ ነገር ከገጠማቸው፣ ስለ ፈቃድ ቅጽ፣ ስለ ምስጢር ወሰን፣ ስለ ቅጂው አያያዝ አንድም ኮርስ ያልወሰደ ተማሪ መቅረጫ ይዞ ወደ ሰው ቤት ሲላክ ሊመጣ የሚችለውን አስቡት። አደጋው በተማሪው ላይ ብቻ አይደለም፤ አምኖ በሚናገረው ሰው ላይም ነው።

አራተኛው፣ የአማካሪ ጉዳይ። ብዙ አንልም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁና። አመልካች የአማካሪ ስም እንዲሞላ ይጠየቃል፤ ግን አማካሪዎቹ በአሁኑ ሰዓት በምን ላይ እንደሚሠሩ፣ ስንት ተማሪ እንደያዙ፣ ለረጅም ፈቃድ የሚሄዱ መሆን አለመሆናቸው የትም አልተጻፈም። የወረርሽኝን ታሪክ ለማጥናት የመጣች ባልደረባችን በቦታ ድልድል ምክንያት የጦርነት ታሪክ ለሚያስተምሩ መምህር ተመደበች። መምህሩ በቅንነት የሚችሉትን አደረጉ፤ ራሳቸውም ይህ የእኔ መስክ አይደለም ብለው ለኮሚቴው ጽፈዋል። መልስ አልመጣላቸውም። ሌላው ባልደረባችን አማካሪው ለረጅም ፈቃድ መሄዳቸውን የሰማው የላከው ምዕራፍ ሳይነበብ ሲቀር ነው።

አምስተኛው፣ የጥንታዊና የመካከለኛው ዘመን ዘርፎች መዘጋት ነው። የተሰጠን ምክንያት ገበያ የላቸውም የሚል ነው። ሥራ ማግኘት ለእኛ ትንሽ ጉዳይ አይደለም፤ ቤተሰብ የምናስተዳድር አለን፤ ይህ ትምህርት ወዴት እንደሚያደርሰን ማወቅ መብታችን ነው። ስለዚህ ቀደም ባሉት ዓመታት ከየዘርፉ የተመረቁት የት እንደደረሱ የሚያሳይ መረጃ ጠየቅን። እንደዚህ ያለ መረጃ ተሰብስቦ አያውቅም ተባልን። ታዲያ ዘርፎቹ የተዘጉት በምን ላይ ተመሥርቶ ነው?

የምርምር ፍላጎትም ዶክትሬት በሚፈጀው ጊዜ ውስጥ ይለዋወጣል። ሶቪየት ኅብረት በ1991 ስትፈርስ ለአሥርት ዓመታት የተዘጉ መዛግብት በከፊል ተከፈቱ። ወዲያው ገብተው መሥራት የቻሉት ያ በር ይከፈታል ብሎ የገመተ በሌለበት ጊዜ ሩሲያኛን ተምረው የቆዩት ናቸው። የሰነድ ንባብ ችሎታ ሲያስፈልግ በአንድ ሴሚስተር የሚፈጠር አይደለም፤ ከመምህር ወደ ተማሪ ጎን ለጎን ተቀምጦ በማንበብ ነው የሚተላለፈው። ዘርፉ ተማሪ መቀበል ባቆመበት ዓመት የሚያስተምሩት መምህራን ጡረታ ቢወጡ፣ በኋላ ዘርፉን እንክፈተው ቢባል የሚከፍተው ሰው አይገኝም። «ለጊዜው» የሚለው አገላለጽ የሚያስፈራን በዚህ ምክንያት ነው፤ የማብቂያ ቀን አልተጻፈለትም።

በእነዚህ ምክንያቶች የሚከተሉትን እንጠይቃለን።

1ኛ) የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ዘርፉን የሚወስነው በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ፣ የምንጭ ሴሚናርና ቢያንስ አንድ የመዛግብት ልምምድ ከወሰደ በኋላ ይሁን። የዶክትሬት ተማሪ ጥያቄውን ይዞ ይግባ፤ ርእሱን ግን የማጠቃለያውን አጠቃላይ ፈተና እስኪያልፍ ድረስ በአማካሪው ስምምነት ማሻሻል ይፈቀድለት። ዘርፍ ለመቀየር ትምህርት ማቋረጥና እንደ አዲስ ማመልከት የሚለው አንቀጽ ይሰረዝ። ቅጹ የሚቀር ከሆነም ዘመንን፣ አካባቢን፣ አቀራረብንና የምንጭ ቋንቋን ለየብቻ ይጠይቅ፤ «ገና አልወሰንኩም» ለሚል መልስም ቦታ ይኑረው።

2ኛ) የምንጭ ቋንቋና የእጅ ጽሕፈት ንባብ ኮርሶች ክሬዲታቸው ይመለስ። በትምህርት ክፍላችን የማይሰጠውን በሌላ ትምህርት ክፍል ወይም ተቋም የወሰደ ተማሪም ይቆጠርለት። ሁሉንም ቋንቋ አስተምሩን አላልንም። ርእስ ሲጸድቅ ተማሪው ቋንቋውን የሚማርበት ጊዜና መንገድ አብሮ ይጽደቅ ነው የምንለው።

3ኛ) ከየፕሮፖዛሉ ጋር ስለ ምንጭ የሚገልጽ አንድ ገጽ ይያያዝ፤ ሰነዱ የት እንዳለ፣ ክፍት መሆኑ፣ በምን ቋንቋ እንደተጻፈ፣ ቢዘጋ ወይም ቢጠፋ ተማሪው ወዴት እንደሚዞር። ኮሚቴው ይህን ሳያይ አያጽድቅ። በቃል ታሪክ ለሚሠሩ ደግሞ ወደ መስክ ከመውጣታቸው በፊት የሥነ ምግባርና የሕግ ሥልጠና ይሰጣቸው።

4ኛ) የአማካሪዎች የምርምር መስክ፣ የያዙት ተማሪ ብዛትና የታቀደ ፈቃድ በየሴሚስተሩ መጀመሪያ ይፋ ይሁን። ከመስኩ ውጭ ለተመደበ ተማሪ ከሌላ ተቋምም ቢሆን ተባባሪ አማካሪ ይፈቀድ።

5ኛ) የሁለቱ ዘርፎች መዘጋት ይነሣ። ይህ ወዲያው የማይቻል ከሆነ የሚከፈቱበት ቀን በጽሑፍ ይነገረን፤ እስከዚያም የንባብ ኮርሶቻቸው አይቋረጡ። የተመራቂዎች መረጃ መሰብሰብ በዚህ ዓመት ይጀመር፤ ስም ሳይጠቀስ ለአመልካቾች ይገለጽ። መረጃውን በማሰባሰብ እኛም ለመሥራት ዝግጁ ነን።

6ኛ) ከላይ ጉዳያቸውን ለጠቀስናቸው ባልደረቦቻችንና በተመሳሳይ ሁኔታ ላሉ ሁሉ በዚህ ሴሚስተር ውስጥ ዘርፍ፣ ርእስ ወይም አማካሪ ማስተካከያ የሚያቀርቡበት ጊዜ ይሰጣቸው። በመዛግብት መዘጋት የባከነው ጊዜ ከተፈቀደላቸው የትምህርት ዘመን ላይ አይቆጠርባቸው።

7ኛ) የድህረ ምረቃ መመሪያ በሚወያዩበት ስብሰባ ላይ የተማሪዎች ተወካይ ድምፅ የመስጠት መብት ይዞ ይገኝ።

ለእነዚህ ጥያቄዎች የሚቀጥለው ዙር የመግቢያ ማስታወቂያ ከመውጣቱ በፊት የጽሑፍ መልስ እንዲሰጠን እንጠይቃለን። ማስታወቂያው በአሁኑ ቅጽ ከወጣ አዳዲስ አመልካቾች በዚያው አንቀጽ ላይ ይፈርማሉ። ኮሚቴው ሊያነጋግረን ከፈለገ በሚመርጠው ቀን ለመቅረብ፣ የባልደረቦቻችንንም ጉዳይ በእነሱ ፈቃድ ከነማስረጃው ለማቅረብ ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ጋር፣

የታሪክ ትምህርት ክፍል የድህረ ምረቃ ተማሪዎች ተወካይ
በሁለተኛና በሦስተኛ ዲግሪ ተማሪዎች ስም

ግልባጭ፦
ለድህረ ምረቃ ዲን ጽሕፈት ቤት
ለታሪክ ትምህርት ክፍል መምህራን በሙሉ
ለሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት